በእናቴ ልክ ዝቅ ስላደረግነው መኪና፤ ታርጋውን ለፈቱልን ክቡር ኃላፊ

ለተሽከርካሪዎች ምርመራና ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎስ? ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ እግርዎ ያለ ሰው ድጋፍ መሬት ይረግጣል? ይህን የምጠይቅዎ ለወግ ያህል አይደለም፤ እግር እሺ ብሎ መታዘዙ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎ በሚገባ ካስተማረኝ ወዲህ የማገኘውን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የምጠይቀው። እርስዎን፣ ምክትልዎን፣ በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች፣ ያችንም ቀይ ቀለም የተቀባች የመለኪያ ዱላ ይዞ ግቢውን የሚዞረውን መርማሪዎን ፈጣሪ ከነሙሉ ጤናችሁ ያቆይልን። በእኛ በኩል ከእናቴ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ሱቄ ውስጥ ረጅሙን ሳሳጥር፣ ሰፊውን ሳጠብ፣ የወፈረውን ሰው «አይዞህ፣ ጨርቁ ነው የተኮማተረው» እያልኩ ሳጽናና ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ለምን አሳጠርሽ?» ብሎ የከሰሰኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነበር። በደህናው ዘመኑ አንድ ጥቁር የቅንጦት መኪና ገዛ፤ ወንበሩ ቆዳ፣ መስታወቱ ጥቁር፣ ከፍ ከማለቱ የተነሣ የሰፈሩ ሰው «ፎቁ» ብሎ ስም ያወጣለት። «ፎቁ መጣ፣ በር ክፈቱ!» ይባል ነበር። ወንድሜ አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ «ደረቴን» እንዳለ በዚያው ቀረ። ሚስትም ልጅም አልነበረውምና ፎቁ ለእናታችን ደረሳት።

እናቴን አያውቋት ይሆናል፤ ዓይነቷን ግን ያውቃሉ። ዕድሜ ልኳን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሰልፍ ቀድማ የማታውቅ፣ የቢሮ እስክሪብቶ በስሕተት ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ብታገኘው በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቃ የምትመልስ ሴት ናት። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በመሣሪያ ካልታጠበ አትኖርም፤ እባክዎ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ትንሽ ቆም ይበሉባት፣ የደብዳቤው ጉዳይ በሙሉ እሷ ናት። በዚህ ላይ አምና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ብረት ገባበት። ከዚያ ወዲህ ያ እግሯ ወደ ላይ ተነሣ ቢሉት አይሰማም፣ እጠፍ ቢሉትም አይሰማም።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ትንሿ ታክሲ ዝቅ ያለች ስለሆነች እናቴ አንዴ ከተቀመጠችባት ለማስነሣት ሦስት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ሲያነሷትም የምታሰማው ድምፅ ሾፌሮቹን አስደንግጧቸው ሁለተኛ ስንደውል ስልክ ማንሣት ትተዋል። ፎቁ ደግሞ ወንበሩ ከጎድኗ ጋር ነው የሚተካከለው። በርጩማ ሞክረናል። በርጩማው ላይ አንድ እግሯን አስቀምጣ፣ ሌላው መሬት ላይ ቀርቶባት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትል የመኪናውን በር አቅፋ ያለ ድምፅ ስታለቅስ ካየኋት ቀን ጀምሮ ያንን በርጩማ ከቤት አውጥቼ ጥያለሁ። «ታዲያ ሸጣችሁ ሌላ አትገዙም ነበር?» እንደሚሉ ይገባኛል። የትኛውን እንግዛ ክቡር ሆይ? ትንሹ ይሰምጥባታል፣ ትልቁ ይርቃታል። የልጇን መኪና ሽጪ ማለቱም ይቅር፤ የወንድሜ መነጽር እስከ ዛሬ ከመሪው አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፣ የሚነካው የለም።

ስለዚህ መኪናውን ዝቅ ማድረግ አሰብን። የመኪና ነገር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ መኪናን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚያቆመው ወፍራም ጥቅል ብረት ሞላ ይባላል፣ ከእሱ ጋር ንዝረቱን የሚያበርድ ሾክ አብዞርበር የሚሉት አለ፤ እነዚህ አጠር ሲሉ መኪናው ዝቅ ይላል። ሲናገሩት እንዲህ ቀላል ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ወለሉ ከእኔ ሰሐን ይበልጥ የሚያበራ ትልቅ ጋራዥ ነበር። ክራባት ያሰረ ልጅ ኮምፒውተሩን ሲጫን ቆይቶ የዋጋ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አየሁና «ከነመኪናው ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ ሞላውን በመቁረጫ ቆርጠን እናሳጥረዋለን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል አሉኝ። ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ፤ መቁረጥ ቀላል ነው፣ ተቆርጦ ያጠረውን መመለስ ነው ጭንቁ። እነሱ ቆርጠው ዝቅ ያደረጉትን አንድ መኪና በር ላይ ሲወጣ አየሁት፤ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ነው የሄደው።

በመጨረሻ የሰፈራችን መካኒክ አጭር ሞላ ከነተስማሚ ሾኩ አስመጥተን እንግጠም አለ። አስመጣን። የመጣው የሌላ ሞዴል ሆነ። መለስን። ሁለተኛው እስኪመጣ እናቴ በሰው ትከሻ ተመላለሰች። ዕቃው መጥቶ መካኒኩ መኪናው ሥር ሲገባ «በምን ያህል ዝቅ ይበል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከአንገቴ ላይ ሜትሬን አወረድኩ። እናቴ የሆስፒታል ጫማዋን አድርጋ፣ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች፤ ከመሬት እስከ ዳሌዋ፣ እግሯን ሳታነሣና ሳታጥፍ ወደ ኋላ ዘንበል ብትል ብቻ እስከምትቀመጥበት ድረስ ለካሁና በነጭ የልብስ ጠመኔዬ በሩ ላይ አሰመርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬዎት የለ። ከዚያ እኛ ፕሮቫ እንደምንለው ለሙከራ አስቀመጥናት፤ «ትንሽ ይቀራል» አለች። መካኒኩ መልሶ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። እንደገና ተቀመጠች። «አሁን ነው ልኩ» አለች።

ወጪው ግን በሞላው አላበቃም። መኪናው ሲያጥር ጎማው ተንሻፎ አላይመንት የሚሉት የጎማ ማቃኛ ያስፈልገዋል ተባለ፤ መብራቱ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ማብራት ጀመረና ይስተካከል ተባለ፤ ቀጥሎ መሪው ጋ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በርታ አልጠፋም አለች፣ እሷን ለማጥፋት ኮምፒውተር የያዘ ሰው ተጠራ። ሁሉም እጁን ታጥቦ ተከፈለው። የከፈልኩት የጨርቅ ጠርዝ የምጠልፍበትን ኦቨርሎክ ማሽኔን ሸጬ ነው። አሁን ጠርዝ በእጄ እየጠለፍኩ ነው የምሠራው፤ ደንበኞቼ «እንደ ድሮው አያምርም» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ግን ክቡር ሆይ፣ የመጀመሪያዋን ቀን ባዩልኝ! እናቴ ወደ ኋላ ዘንበል አለች፣ ተቀመጠች፣ እግሯን በእጇ አስገባች፣ በሩን ራሷ ሳበችና ዘጋችው። ከወደቀች ወዲህ በር ዘግታ አታውቅም። የወንበሩን ቆዳ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «ልጄ ዝቅ ብሎ ተቀበለኝ» አለች። መካኒኩ ዕቃውን የሚያነሣ መስሎ ፊቱን አዞረ። እኔ አላዞርኩም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እርስዎና ጽሕፈት ቤትዎ በሕይወታችን የገባችሁት፤ ምስጋናዬንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ፣ ስለ መስኮት ቁጥር ሁለት አቀባበል አመሰግናለሁ። ዓመታዊው ምርመራ ደርሶ ከእናቴ ጋር ግቢዎ በር ላይ ተሰልፈን ሳለን አንድ «ሽቅብ» የሚባል ሰው ወደ መስኮታችን ጎንበስ አለ። ይህን ሰው እርስዎ እንደማያውቁት እርግጠኛ ነኝ፤ በየቀኑ በሚያልፉበት በር ላይ ከጥበቃዎቹ ጋር ፀሐይ እየሞቀ የሚውል ቢሆንም። ሽቅብ ወፋፍራም የጎማ ጉማጆች ያከራያል። መኪናቸውን ዝቅ ያደረጉ ሰዎች ጉማጁን ከሞላው ሥር አስገብተው ከፍ ይላሉ፣ ተመርምረው ያልፋሉ፣ ከበሩ እንደወጡ ጉማጁን ለሽቅብ መልሰው ዝቅ ይላሉ። ሽቅብም «እትዬ፣ ምን አስጨነቀዎት፣ ለግማሽ ቀን ከፍ ላርጋችሁ» አለኝ። ከፊታችን ያለው ከፍ ብሏል፣ ከኋላችን ያለውም ተራውን ይጠብቃል። እኔ እሺ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ከወንበሯ ሆና «እኛ ሌባ አይደለንም» አለች። «ሄደሽ በመስኮት ጠይቂ። በእኔ ምክንያት ነው ዝቅ ያለው፣ ሕመሜን ንገሪያቸው፣ ወረቀቴን አሳዪያቸው። የመንግሥት ሰው ሲጠየቅ ያስተናግዳል፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተናግጃለሁ» አለች። አይ እናቴ! ዝም አይነቅዝም እያለ ያሳደገን አገር ሁሉ ተሳስቶ እሷ ብቻ ልክ ልትሆን።

ሄጄ ጠየቅኩ። የመስኮቱ ወጣት መነጽሩን አወለቀ። «መኪናው ዝቅ ብሏል ነው የሚሉኝ? ራስዎ ነዎት የሚነግሩኝ?» አለ። አዎ አልኩት። ጎረቤቱን ጠራ፣ ጎረቤቱ አለቃውን ጠራ፣ ሦስቱም እንደ ጉድ ያዩኝ ጀመር። ለካ ከዚህ በፊት መጥቶ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። የሚያስፈቅድ ሰው ስለማይመጣ የሚያስፈቅድ ሰው የሚሞላው ቅጽም የለም፤ በቅርብ የተገኘው ደንብ የጣሰ ሰው የሚሞላው ስለነበረ እሱን ሞሉልኝ። ለፈጣን መስተንግዶው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. ስለ ዱላዋ አመሰግናለሁ። መርማሪዎ ያችን ባለቀይ ቀለም ዱላ በመኪናው ሆድ ሥር ሲያስገባ ዱላዋ አላልፍ አለች። የጎደለው ከአውራ ጣቴ ውፍረት አይበልጥም፤ ሜትሬ ከአንገቴ አይለይም፣ እኔም ለክቻለሁ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መፍቻ ይዘው መጡና ከፊትም ከኋላም ታርጋውን ፈቱ። እናቴ ውስጥ ነበረች። «ምንድን ነው የሚያንኳኩት?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ጎማ እያጠበቁ ነው» አልኳት። ታርጋው ሲወርድ በመስታወት አየችው፤ ቦርሳዋን ከፍታ የጡረታ መታወቂያዋን አወጣችና በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች፣ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ ለማሳየት። የጠየቃት የለም። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር ይቅር እላለሁ፣ ያችን መታወቂያ ይዛ የተቀመጠችበትን ግን ይቅር ለማለት ገና አልቻልኩም።

መኪናው ከግቢ አይወጣም ተባለ። እናቴ ግን መውጣት ነበረባት። ያንን ያደረገው ማን መሰለዎት? ሽቅብ ነው። ከጥበቃዎቹ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ለምኖ፣ ሁለት ሾፌሮችን ጠርቶ፣ «እማማ፣ አይፍሩ፣ ያዙኝ» እያለ ተሸክመው ከግቢዎ አስወጥተው ሚኒባስ ውስጥ አስገቡልኝ። ሂሳብ ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ። ያ አጭበርባሪ ያን ቀን ከግቢዎ ውስጥ ያየሁት ብቸኛ መስተንግዶ ሰጪ ነበርና ደመወዝ ቢያስቡለት።

3. ስለ ውሳኔው ጥራት እጅግ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ የተሰጠኝ መልስ «መኪናው ወደ ፋብሪካ ከፍታው ተመልሶ ይቅረብ» የሚል ነው። ይሁና ብዬ ጥርሴን ነክሼ መካኒኩን ይዤ መጣሁ። ታርጋ የሌለው መኪና ከግቢ መውጣት አይችልም ተባልኩ። እንግዲያው እዚሁ ግቢ ውስጥ ከፍ ያድርገው አልኩ። የውጭ መካኒክ ግቢ ውስጥ መሥራት ክልክል ነው ተባልኩ። እንግዲያው ታርጋውን ስጡኝና ወስጄ ከፍ አድርጌ ላምጣው አልኩ። ከፍ ሳይል ታርጋው አይመለስም ተባልኩ። ከፍ ለማለት መውጣት፣ ለመውጣት ከፍ ማለት! እንዲህ ያለ ስፌት እኔ እንኳ አልችልም፣ ጫፍም ጅማሬም የለው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ላም እንኳ በሰማይ አይደለችም፣ በአጥራችሁ ቀዳዳ ትታየኛለች።

ጉዳዩን የቴክኒክ ኮሚቴው ያየዋል ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው አባላቱ ሲሟሉ ነው። አንደኛው ሥልጠና ላይ ናቸው፣ የአንደኛው ቦታ ሰው አልተመደበበትም። ያልተመደበው ሰው እስኪመጣ እንድንጠብቅ በትሕትና ተነግሮናል፤ ማንነታቸውን ባውቅ ቤታቸው ሄጄ እለምናቸው ነበር።

4. መኪናው በግቢዎ ለሚያድርበት የማደሪያ ክፍያ ስላስከፈላችሁን። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

5. ለደኅንነታችን ስለተጨነቃችሁ። መርማሪዎ «ለራሳችሁ ብለን ነው፣ ዝቅ ያለ መኪና አደገኛ ነው» ብሎ ሲመክረኝ ልቤ ተነክቶ እሺ ልል ነበር። በዚያው ቅጽበት የእርስዎ መኪና ገባች። ዕድሜ ይስጥዎ፣ የምታምር ናት፤ ከወንድሜም ፎቅ ትበልጣለች። ቆመችና እስስ ብላ ተንፍሳ በራሷ ጊዜ ዝቅ አለች፣ እርስዎም ጉልበትዎን ሳያጥፉ ወረዱ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጥበቃውን ምንድን ነው ብለው፣ በአየር የምትሠራ ናት፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ እንዲመች ፋብሪካው ነው እንዲህ ያደረጋት፣ ሕጋዊ ናት አለኝ። ገባኝ። ፋብሪካ ለማያውቀው ሰው ሲያዝን ሕጋዊ ነው፤ ልጅ ለገዛ እናቷ ስታዝን ደንብ ጥሳለች። በጤናማ ጉልበትዎ ፊት የተንበረከከችውን መኪና ለምን ዱላዋ እንዳልለካቻት ግን ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ተምሬያለሁ።

ስድስተኛም ሰባተኛም ነበረኝ። ተውኩት። ቀልዱ አለቀብኝ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በቀጥታ ልንገርዎ።

ታርጋው ከተፈታ በኋላ እናቴን ወደ ሆስፒታል የምናደርሳት በወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ጎረቤቶቻችን ከግራና ከቀኝ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ እሺ ያለ ሚኒባስ እስኪገኝ ቆመን ጠብቀን ነበር። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፤ ግን አናጢው ወገቡን ታመመ፣ የዳቦ ቤቱ ሰው ሥራ አለበት። ባለፈው ሳምንት ከደጃችን ደረጃ ላይ አንዱ ሲያዳልጠው ወንበሩ ዘመመና እናቴ ወደ ጎን ወደቀች። አልተሰበረችም፣ ተመስገን። ግን የተሸከማት ልጅ ደንግጦ ሲያለቅስ አየችው። ቤት መልሰን ስናስገባት ሻርፗን አስተካክላ «በቃኝ» አለች። «ሰው ወገቡን እየሰበረ፣ እኔ ከሕግ ጋር ተጣልቼ መኖር አልፈልግም። ሕጉ ከፍ ይበል ካለ ምክንያት ይኖረዋል፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ለማቆየት አይደለም ሕግ የሚወጣው» አለች። እሷ እኮ እርስዎ ላይ አልተቆጣችም! የሚገርመኝ እሱ ነው። ጥፋተኛዋ እሷ እንደሆነች፣ መኖሯ ራሱ ደንብ መጣስ እንደሆነ ነው የገባት። በመዝገብ ክፍል ዕድሜዋን ስታገለግለው የኖረችው መንግሥት አንድ ቀን ከአፉ አውጥቶ «ተሳስተሻል» ካላት አዎ ተሳስቻለሁ ማለት ነው ለእሷ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከደም እጥበቱ ቀርታለች። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ፤ ታላቅ አክስቴ መጥታ በፈጣሪ ስም ገዝታታለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እግሯ አብጦ የሆስፒታል ጫማዋ አልገባ ብሏል። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ተቀምጣ ነው የምትተኛው፣ ተቀምጣ መተኛት ከተባለ። አጠገቧ ሆኜ ጠርዝ እጠልፋለሁ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ መርፌዬን አቆማለሁ፣ ሲቀጥል እቀጥላለሁ። ሐኪሟ በስልክ ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ እንዲህ ከቀጠለች በሰውነቷ የተጠራቀመው ውሃ ልቧን ያፍነዋል፣ በአስቸኳይ አምጪያት ብሎኛል። በምን ላምጣት? በግድ በወንበር ላንሣት ስል የአልጋውን ብረት ይዛ «ልጄ፣ አታዋርጂኝ» ትለኛለች። ወንድሜን በድንገት ነው ያጣሁት፣ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። እናቴን ግን እያየኋት፣ መፍትሔው አጥር ውስጥ ቆሞ እየታየኝ ላጣት ነው። ኧረ በፈጠራችሁ! አንጀቴ አለቀ።

የምለምንዎት ነገር ከባድ አይደለም። ሕጉን ይቀይሩልኝ አልልም፣ ኮሚቴው ይሟላልኝም አልልም፣ ሽቅብንም አይንኩብኝ። ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ እናቴ ታክማ እስክትመለስ ለአንድ ቀን ታርጋውን ይስጡን፤ ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ያችን የምትንበረከከውን መኪናዎን ለአንድ ጠዋት ያውሱን፣ ሕጋዊ ናትና እናቴ እምቢ አትልም። ሁለተኛው፣ ከተቻለ አንዲት ወረቀት ላይ «እርስዎ ጥፋት የለብዎትም» ብለው ይጻፉላትና ማህተም ያድርጉበት። ማህተሙ እንዳይረሳ። የእኔን ቃል አላመነችም፣ ማህተም ያለበትን ግን ታምናለች፤ ተነሥታ የምትሄደውም ያን ካየች ብቻ ነው። ለደንብ ጥሰቱ የሚቀጣ ሰው ካስፈለገ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ጠመኔውም የእኔ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ሱቄ ድረስ መጥታችሁ እኔን ውሰዱ።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ሊፍትዎ እንዳይበላሽብዎ፣ ደረጃ የሚባል ነገር በዕድሜዎ እንዳይገጥምዎ፣ ሲያረጁም ልክዎን የሚለካ ልጅ እንዳያሳጣዎ፣ ያም ልጅ በየትኛውም መስኮት ሄዶ ምንም ነገር እንዳይጠይቅ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታርጋ የሌለው መኪና ባለቤት ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አነበብኩላት። ትንፋሿን እየሰበሰበች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይህ ሁሉ ሽሙጥ ምንድን ነው? የሰውየው ሥራ ነው። አውጪውና በደንብ ለምኚው» አለችኝ። ሽሙጡን ማውጣት አቃተኝ፤ ልመናውን ግን በእሷ ስም እዚህ ላይ አድርሻለሁ፦ እባክዎ። ደብዳቤውን ላስገባ ስመጣም በርዎ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ፤ ለማንኛውም ቅሬታ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል ይላል። ሐኪሟ ግን የሥራ ቀን ያልሆነውንም ጨምሮ ያን ያህል አልሰጣትም።